የማይክል ፋራዴይ ሕይወት እና በቤት ውስጥ ኮምፒውተር ሲገጣጠም ከስታቲክ ኤሌክትሪክ ጉዳት የመጠበቅ መሠረተ ሐሳብ

ከኅዳር እስከ መጋቢት ባሉት ደረቅ ወራት በነፋስ መውጫ፣ በአርብ ገበያ፣ በወገዳ ወይም በመካነ ኢየሱስ ማታ መብራት አጥፍቶ የሱፍ ሹራቡን ወይም የናይሎን ሸሚዙን የሚያወልቅ ሰው ከልብሱ ውስጥ የሚንጣጣ ድምፅ ይሰማል፤ አንዳንዴም ስስ ሰማያዊ ብልጭታ ያያል። ነገሩ የተለመደ ስለሆነ ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ከጉና ተራራ ግርጌ ጀምሮ እስከ ስማዳ ድረስ ባለው ደጋ የበጋው አየር ቀዝቃዛና ደረቅ ነው፤ በዕቃዎችና በልብስ ገጽ ላይ ሊያርፍ የሚገባው ስስ የእርጥበት ሽፋን ስለማይገኝ በመፋተግ የተፈጠረው የኤሌክትሪክ ሙል የሚያመልጥበት መንገድ ያጣል። ከፍታውም የራሱ ድርሻ አለው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3000 ሜትር በሚበልጥ ስፍራ ያለው ሳሳ ያለ አየር ብልጭታን የመከልከል ኃይሉ ከቆላው አየር ያነሰ ነው።

ይኸው ሰው በማግሥቱ ጠዋት የኮምፒውተር ራም ወይም ማዘርቦርድ በእጁ ሲይዝ ነገሩ ይለወጣል። ሰው የስታቲክ ብልጭታ በጣቱ ላይ የሚሰማው የሰውነቱ ቮልቴጅ ወደ 3000 ቮልት ገደማ ሲደርስ ነው። ጥንቃቄ ከሚሹት የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎች መካከል ግን ከ100 ቮልት በታች እንኳ የሚጎዱ አሉ። ስለዚህ ጉዳቱ በአብዛኛው የሚደርሰው ጎጂውም ተጎጂውም ሳይታወቅ ነው። ክፍሉ ወዲያው ላይሞት ይችላል፤ ቆስሎ ይቆይና ከሳምንታት በኋላ ኮምፒውተሩ ያለ ምክንያት ይዘጋል ወይም ፋይል ያበላሻል። ያን ጊዜ ወቀሳው በሻጩ፣ በመብራት መቆራረጥ ወይም በዕድል ላይ ያርፋል። ዕቃው ከአዲስ አበባ ወይም ከባሕር ዳር ተገዝቶ በወረታ መንገድ ለሚመጣበት አካባቢ ይህ ቀላል ኪሳራ አይደለም፤ አንዲት የተበላሸች ራም አንድን ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን ከሚጽፍበት ብቸኛ መሣሪያ ልትለየው ትችላለች።

ስለ ጥንቃቄው የሚሰጡት ምክሮች ብዙ ጊዜ ያለ ምክንያት የተደረደሩ ክልከላዎች ናቸው፤ ይህን አትንካ፣ ያንን ልበስ የሚሉ። ምክንያታቸው የሚገኘው ኮምፒውተር ከመታሰቡ በፊት በነበረ አንድ ሰው ሥራ ውስጥ ነው። በመማሪያ መጻሕፍታችን ማይክል ፋራዴይ የአንድ መለኪያ ስምና የአንድ ሕግ ባለቤት ሆኖ ይታለፋል። ይህ አጭር ጽሑፍ ሕይወቱን ይተርካል፤ በተለይም ስለማይፈስ ኤሌክትሪክ ባደረጋቸው ሙከራዎች ላይ ይቆያል። ዘመናቱ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

የቀጥቃጭ ልጅ

ፋራዴይ መስከረም 22 ቀን 1791 ለንደን አጠገብ በምትገኘው ኒዊንግተን ተወለደ። አባቱ ጄምስ ከሰሜን እንግሊዝ እንጀራ ፍለጋ የመጣ ብረት ቀጥቃጭ ነበር፤ ጤናው ደካማ ስለነበር ቤተሰቡ ብዙ ጊዜ በችግር ኖሯል። ልጁ የተማረው ማንበብ፣ መጻፍና ጥቂት ሒሳብ ብቻ ነው። በእኛም አገር ባለእጅ ምን ያህል ሲናቅ እንደኖረ ለምናውቅ፣ በተለይም በበጌምድር ቀጥቃጭ በቡዳነት ሲጠረጠር መኖሩን ለሰማን ሰዎች፣ ከእንዲህ ያለ ቤት የወጣ ልጅ በዘመኑ ታላላቅ ሊቃውንት መካከል ለመቀመጥ ያለፈበት መንገድ ለመገመት አያስቸግርም። የእንግሊዝ ንቀት መልኩ ሌላ ነበር፤ የመደብና የአነጋገር ንቀት ነበር፤ ነገር ግን ንቀት ነበር።

በ13 ዓመቱ ጆርጅ ሪቦ ለተባለ መጽሐፍ ሻጭና ጠራዥ ጋዜጣ አዳይ ሆኖ ተቀጠረ፤ በ1805 ደግሞ የሰባት ዓመት የጥረዛ ተለማማጅ ሆነ። ሊጠረዙ የሚመጡትን መጻሕፍት ማንበብ ጀመረ። ሁለቱ መንገዱን ወሰኑለት፦ በብሪታኒካ መዝገበ ዕውቀት ውስጥ ስለ ኤሌክትሪክ የተጻፈው ክፍልና ጄን ማርሴት የተባለች ሴት ስለ ኬሚስትሪ በጭውውት መልክ ያዘጋጀችው መጽሐፍ። ያነበበውን ዝም ብሎ አልተቀበለም። ከሚያገኛት ጥቂት ሳንቲም ዕቃ እየገዛ በሪቦ ሱቅ ውስጥ የመስታወት ሲሊንደር እየተሽከረከረ ሙል የሚያመነጭ አነስተኛ መሣሪያ ሠራ፤ ሙሉን የሚያጠራቅም የላይደን ጠርሙስም አብሮ አዘጋጀ። እንግዲህ የፋራዴይ የመጀመሪያ ኤሌክትሪክ ዛሬ የኮምፒውተር ገጣጣሚ የሚፈራው ያው የመፋተግ ኤሌክትሪክ ነበር።

ጆን ቴተም በተባለ ሰው ቤት በሚሰጡ የማታ ትምህርቶች ላይ ይገኝ ነበር፤ የመግቢያውን አንድ ሺሊንግ ወንድሙ ሮበርት ይከፍልለታል። በ1812 ዊልያም ዳንስ የተባለ የሱቁ ደንበኛ በሮያል ኢንስቲትዩሽን የሃምፍሪ ዴቪን አራት ንግግሮች እንዲሰማ የመግቢያ ካርድ ሰጠው። ፋራዴይ የሰማውን በንጹሕ ጽፎ፣ ሥዕል ጨምሮ፣ በራሱ እጅ ጠርዞ ለዴቪ ላከ። ሥራ እንዲሰጠው መጠየቁ ነበር። ዴቪ በዚያው ዓመት በፈነዳ ኬሚካል ዓይኑ ተጎድቶ ስለነበር ለጥቂት ቀናት ጸሐፊ አደረገው። በ1813 መጀመሪያ የቤተ ሙከራው ረዳት ተጣልቶ ሲባረር ቦታው ለፋራዴይ ሆነ፤ መጋቢት 1 ቀን 1813 በሳምንት ጥቂት ሺሊንግ ደመወዝ፣ በሕንጻው ሰገነት ላይ ሁለት ክፍል፣ ማገዶና ሻማ ተሰጥቶት ሥራ ጀመረ። ከዚያ ሕንጻ በኋላ ለ50 ዓመታት ያህል አልተለየም።

ከጥቅምት 1813 እስከ ሚያዝያ 1815 ከዴቪና ከባለቤቱ ጋር በፈረንሳይ፣ በኢጣሊያና በስዊዘርላንድ ተዘዋወረ። አምፔርን አገኘ፤ በሚላኖ ሽማግሌውን ቮልታን አየ። ነገር ግን ወይዘሮዋ እንደ ቤት አሽከር ትቆጥረው ነበር፤ ማዕዱም ከአገልጋዮች ጋር እንዲሆን ትፈልግ ነበር። ተስፋ ቆርጦ ሥራውን ሊተው ያሰበበት ጊዜም ነበር።

የሌብነት ክስ

በ1820 የዴንማርኩ ኤርስቴድ ኤሌክትሪክ የሚፈስበት ሽቦ የኮምፓስን መርፌ እንደሚያንቀሳቅስ አሳየ። በሚቀጥለው ዓመት መስከረም ፋራዴይ በሜርኩሪ ዕቃ ውስጥ የቆመ ሽቦ በማግኔት ዙሪያ ያለማቋረጥ እንዲዞር አደረገ፤ የዛሬው የኤሌክትሪክ ሞተር ቅድመ አያት ይህ ነው። ውጤቱንም ቸኩሎ አሳተመ። ችግሩ ዊልያም ሃይድ ዎላስተን የተባለው የተከበረ ሊቅ ተቀራራቢ ሐሳብ ይዞ ከዴቪ ጋር ሲሞክር መቆየቱ ነበር። ፋራዴይ ስሙን በጽሑፉ ውስጥ ስላላነሣ የሰው ሐሳብ ሰረቀ የሚል ወሬ ተነዛ። የዎላስተን ሐሳብ ሽቦው በራሱ ዛቢያ ላይ እንዲዞር እንጂ በማግኔት ዙሪያ እንዲሽከረከር አልነበረም፤ ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። ሆኖም የቀጥቃጭ ልጅ ለሆነ ረዳት ክሱ ከባድ ነበር። በ1824 ለሮያል ሶሳይቲ አባልነት ሲታጭ የተቃወመው የማኅበሩ ፕሬዚዳንት፣ ያው ያሳደገው ዴቪ ነበር። ምርጫው በምስጢር ሲካሄድ የተገኘው የተቃውሞ ድምፅ አንድ ብቻ ነው።

ይህ ታሪክ ለድኅረ ምረቃ ተማሪ እንግዳ አይመስለኝም። ፋራዴይ ከዚያ በኋላ የእያንዳንዱን ሙከራ ቀን የመመዝገብ፣ አንቀጾቹንም በተራ ቁጥር የማስፈር ልማዱን አጥብቆ ያዘ፤ የቤተ ሙከራ ማስታወሻው በመጨረሻ ከ16 ሺህ አንቀጽ በላይ ሆኗል።

በ1821 ሳራ ባርናርድን አገባ፤ ልጅ አልወለዱም። ሁለቱም ሳንዴማናዊያን የተባለች ትንሽ የክርስቲያን ማኅበር አባላት ነበሩ፤ ማኅበሯ ሀብት ማከማቸትን አትፈቅድም። ፋራዴይ በችሎቶችና በፋብሪካዎች ምክር እየሰጠ ሊበለጽግ የሚችልበትን ዕድል የተወውም፣ የመኳንንት ማዕረግ ሲቀርብለት እምቢ ያለውም፣ የሮያል ሶሳይቲ ፕሬዚዳንትነትን ያልተቀበለውም ከዚህ እምነቱ ጋር በተያያዘ ምክንያት ነው።

በ1825 ቤንዚንን ለየ። ነሐሴ 29 ቀን 1831 ደግሞ በብረት ቀለበት ላይ ሁለት ሽቦዎችን ጠምጥሞ በአንዱ የሚፈሰው ኤሌክትሪክ ሲጀምርና ሲቋረጥ በሌላው ላይ ቅጽበታዊ ፍሰት እንደሚፈጠር አየ። የኤሌክትሪክ ማመንጫና የትራንስፎርመር ሁሉ መነሻ ይህ ስለሆነ ስሙ በዓለም የታወቀው በዚሁ ነው፤ እኛ ግን ለተነሣንበት ጉዳይ ከዚያ በኋላ የመጡት ዓመታት ይበልጡብናል።

በ1832 ከመስታወት ማሽን የሚወጣው ብልጭታ፣ ከቮልታ ባትሪ የሚፈሰው፣ ከማግኔት የሚገኘውና ከዓሣ የሚመጣው ኤሌክትሪክ አንድ ባሕርይ መሆኑን ለማሳየት ተነሣ። ይህ ውጤት ዛሬ ተራ ይመስላል። ነገር ግን ስታቲክ ኤሌክትሪክ የልጆች ጨዋታ ነው፣ እውነተኛው ኤሌክትሪክ ከግድግዳው የሚመጣው ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ዛሬም ስላለ ደግሞ መናገሩ አይከፋም። በቀጣዩ ዓመት የብር ሰልፋይድ ሲሞቅ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ እንደሚጨምር አስተዋለ። ብረታ ብረት ሲሞቅ አቅሙ ስለሚቀንስ ነገሩ አስገረመው፤ ምክንያቱን ግን ሊያውቀው የሚችልበት ዘመን አልነበረም። ዛሬ ከፊል አስተላላፊ የምንላቸው ቁሶች ባሕርይ ከተመዘገበባቸው የመጀመሪያ ምልከታዎች አንዱ ይህ ነው። የኮምፒውተር ፕሮሰሰርና ራም የተሠሩት ከዚሁ ዘር ነው።

የሽቦው ቤት

በጥር 1836 ፋራዴይ በሮያል ኢንስቲትዩሽን የንግግር አዳራሽ ውስጥ አንድ ትንሽ ቤት አሠራ። እያንዳንዱ ጎኑ 12 ጫማ፣ ማለትም ወደ 3.7 ሜትር የሆነ የእንጨት ማዕቀፍ ነበር፤ ዙሪያውን የመዳብ ሽቦ፣ ወረቀትና ቆርቆሮ ቅጠል ለበሰ፤ ከወለሉም በማያስተላልፉ ነገሮች ላይ እንዲቆም ተደረገ። ታላቁ የመስታወት ማሽን ይህን ቤት አለማቋረጥ ሞላው፤ ከውጭ ግድግዳው ላይ ብልጭታ ይንጣጣ ጀመር። ፋራዴይ የሚነድ ሻማና ጥቃቅን ሙል የሚለዩ ኤሌክትሮሜትሮች ይዞ ገብቶ ኖረበት። በውስጡ ምንም አላገኘም። መርፌዎቹ አልተንቀሳቀሱም።

ሙል የሚቀመጠው በአስተላላፊው የውጭ ገጽ ላይ ነው፤ የተዘጋው ውስጠኛው ክፍል ከውጭ ኤሌክትሪክ ነጻ ይሆናል። ማዘርቦርድ ወይም ራም ታሽጎ የሚመጣበት ብርማ ቀለም ያለው ከረጢት የዚህ ቤት ታናሽ ወንድም ነው። በፕላስቲኩ ላይ የተነጠፈው ስስ ብረት ከውጭ የሚመጣውን ሙል በውጭ ያስቀረዋል። ይህን የተረዳ ሰው ሦስት ነገሮችን ያለ መካሪ ያውቃቸዋል። አንደኛ፣ ከረጢቱ የሚሠራው አፉ ተዘግቶ ሲታጠፍ ነው፤ ግድግዳው የጎደለ ቤት ሙሉ መጠለያ አይሆንም። ሁለተኛ፣ ዕቃውን በከረጢቱ ላይ ማስቀመጥ በከረጢቱ ውስጥ እንደ ማስቀመጥ አይደለም። ሦስተኛ፣ ሮዝ ቀለም ያለው ተመሳሳይ ከረጢት ብረት ስለሌለው ራሱ ሙል አያፈራም እንጂ ከውጭ ለሚመጣው አይከላከልም። በገበያችን ዘንድ ከረጢቱ እንደ ተራ መጠቅለያ ተቀዶ ይጣልና ዕቃው በፌስታል ተጠቅልሎ ለገዢ ይሰጣል። ፌስታል ደግሞ በመፋተግ ሙል ከሚያፈሩት ነገሮች አንዱ ነው፤ ከመጠለያ ወደ ጠላት ቤት ማዛወር ነው።

በቀጣዩ ዓመት በሁለት አስተላላፊዎች መካከል ያለው የማያስተላልፍ ቁስ፣ መስታወት ይሁን ድኝ ወይም ላክ፣ ዝም ብሎ የተቀመጠ እንዳልሆነ በልኬት አሳየ፤ ሊጠራቀም የሚችለውን የሙል መጠን ይወስናል። የአቅም መለኪያው ፋራድ በስሙ የተጠራው ለዚህ ነው። የቆመ ሰው አካልም ከመሬት አንጻር ወደ 100 ፒኮ ፋራድ የሚጠጋ አቅም አለው። በ3000 ቮልት ቢሞላ የሚይዘው ጉልበት ከግማሽ ሚሊ ጁል ያነሰ ነው፤ ለሰው ከመርፌ ጫፍ አይበልጥም። ነገር ግን በቺፑ ውስጥ ትራንዚስተሩን የሚከልለው የሲልከን ኦክሳይድ ሽፋን ውፍረቱ በናኖ ሜትር የሚቆጠር ነው። አንድ ናኖ ሜትር የሚችለው አንድ ቮልት ገደማ ነው። አምራቾች በእያንዳንዱ እግር ላይ መከላከያ ዳዮድ ያስቀምጣሉ፤ ዳዮዱ ግን ልክ አለው።

ባልዲው

ከፋራዴይ ሥራዎች ሁሉ ለኮምፒውተር ገጣጣሚ ይበልጥ የሚጠቅመው፣ በእኔ ግምት፣ በ1843 ያደረገው የባልዲ ሙከራ ነው። መሣሪያው ተራ የበረዶ ማስቀመጫ የብረት ባልዲ ነበር፤ ቁመቱ ከ27 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም። ባልዲውን በማያስተላልፍ ነገር ላይ አስቀምጦ የውጭ ገጹን የወርቅ ቅጠል ካለው ኤሌክትሮስኮፕ ጋር በሽቦ አገናኘው። ከዚያ የተሞላ የናስ ኳስ በረጅም የሐር ክር አንጠልጥሎ ባልዲው ውስጥ ቀስ አድርጎ አወረደው። ኳሱ ባልዲውን ሳይነካ ቅጠሎቹ ተከፈቱ። ኳሱ ጠልቆ ከገባ በኋላ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ቢያንቀሳቅሰው መከፈታቸው አልተለወጠም። በመጨረሻ ኳሱ የባልዲውን ወለል እንዲነካ አደረገ፤ ቅጠሎቹ አሁንም እንዳሉ ቀሩ፤ ኳሱ ሲወጣ ግን ባዶ ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ ኳሱ ሳይነካ በውጭ ገጽ ላይ ያስከተለው ሙል ከራሱ ሙል ጋር እኩል ነበር ማለት ነው። አራት ባልዲዎችን አንዱን በአንዱ ውስጥ አድርጎም ደገመው፤ ውጤቱ ያው ሆነ።

ጉዳዩ እዚህ ላይ ይከብዳል። አብዛኛው ሰው ጉዳት የሚደርሰው የተሞላ እጅ ዕቃውን ሲነካ ብቻ ይመስለዋል። ባልዲው ግን ሌላ መንገድ እንዳለ ያሳያል። ማዘርቦርዱ በስፖንጅ ወይም በናይሎን የጠረጴዛ ልብስ አጠገብ ተቀምጦ እንበል። ስፖንጁ ከተሞላ ቦርዱን ሳይነካው በቦርዱ የመዳብ መስመሮች ላይ ሙል ይለያያል፤ አንዱ ዓይነት ወደ ስፖንጁ ይሳባል፣ ሌላው ይሸሻል። በዚህ ሰዓት ከመሬት ጋር የተገናኘ፣ የጸዳ፣ ምንም ሙል የሌለው እጅ ቦርዱን ቢነካ ብልጭታው ከቦርዱ ወደ እጁ ይሄዳል። ገጣጣሚው አምባሩን አስሮ፣ ብረቱን ነክቶ፣ ጥንቃቄውን ሁሉ ፈጽሞ ሳለ ዕቃውን ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ በሥራው ስፍራ ያሉትን የማያስተላልፉ ነገሮች ማራቅ አምባር ከማሰር የሚያንስ አይደለም። ፌስታሉ፣ የማሸጊያው ነጭ ስፖንጅ፣ ናይሎኑ ወደ ሌላ ክፍል ይሂዱ። የሱፍ ዝተት በተነጠፈበት መደብ ላይ ተቀምጦ መሥራትም ይቅር፤ ባዶ የእንጨት ጠረጴዛ ወይም የወረቀት ካርቶን ይሻላል። እነዚህ ነገሮች በአምባርም በመሬት ሽቦም አይራገፉም፤ የማያስተላልፍ ነገር ሙሉን በያለበት ይዞ ይቀመጣልና።

ፋራዴይ ይህን ሁሉ ያለ ቀመር አገኘው። የሒሳብ ትምህርቱ ከቤት እርሻ ደብተር የማያልፍ ስለነበር በዓይነ ልቡናው የሚያያቸውን የኃይል መስመሮች በቃላትና በሥዕል ይገልጽ ነበር። ብዙ የሒሳብ ሊቃውንት ነገሩን እንደ ልማዳዊ አነጋገር አዩት። በ1831 የተወለደው ጄምስ ክላርክ ማክስዌል ግን በ1850ዎቹ አጋማሽ የፋራዴይን መስመሮች በሒሳብ ቋንቋ መግለጽ ጀመረ፤ ከዚያም የኤሌክትሮማግኔት ንድፈ ሐሳብ ተወለደ።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት

ከ1839 መጨረሻ ጀምሮ ፋራዴይ በጤና እጦትና በመርሳት ተያዘ፤ ለጥቂት ዓመታት ሥራውን ቀነሰ። የባልዲው ሙከራ የመጣው ከዚህ ዕረፍት በኋላ ነው። በ1845 የብርሃንን የፖላራይዜሽን ጠለል በማግኔት ማዞር እንደሚቻል አገኘ። ከ1836 ጀምሮ ለብዙ ዓመታት የባሕር መብራት ቤቶችን የሚያስተዳድረው ድርጅት አማካሪ ሆኖ አገልግሏል፤ ለልጆች የሚሰጣቸው የገና ንግግሮችም ዝነኛ ነበሩ። በ1858 ንግሥት ቪክቶሪያ በሃምፕተን ኮርት ቤት ሰጠችው። በመጋቢት 1862 ባደረገው የመጨረሻ ሙከራው ማግኔት የነበልባልን ብርሃን ቀለማት ይለውጥ እንደሆነ ፈተሸ፤ ምንም አላየም። ፒተር ዜማን በ1896 በተሻለ መሣሪያ አየው።

ነሐሴ 25 ቀን 1867 በሃምፕተን ኮርት በወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሳለ ዐረፈ። በዌስትሚንስተር እንዲቀበር አልፈቀደም ነበር፤ በሃይጌት መቃብር በጥቂት ሰዎች ፊት ያለ ሥነ ሥርዓት ተቀበረ።

በዚያው ዓመት ከደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የዐፄ ቴዎድሮስ የአውሮፓና የአገር ውስጥ ባለእጆች ሴባስቶፖል የተባለውን ወደ ሰባት ቶን የሚጠጋ መድፍ አቅልጠው ነበር። ፋራዴይ ከሞተ ከሁለት ወር ባነሰ ጊዜ ውስጥ ንጉሠ ነገሥቱ ከደብረ ታቦር ተነሥተው መድፉን በጋይንት በኩል ወደ መቅደላ ማስጎተት ጀመሩ። ዐፄ ቴዎድሮስ ባለእጅን ያከበሩ ንጉሥ ነበሩ፤ ከባለእጆቹ የፈለጉት ግን መድፍ ነበር።

ሦስተኛው ሽቦ

ከውጭ አገር የተጻፉ መመሪያዎች አንድ ምክር ይደጋግማሉ፤ የኮምፒውተሩን ፓወር ሰፕላይ ሶኬት ላይ ሰክተህ፣ ማብሪያውን አጥፍተህ፣ የኬዙን ብረት ንካ ይላሉ። ምክሩ የቆመው ከግድግዳው ውስጥ ሦስተኛ፣ ማለትም የመሬት ሽቦ አለ በሚል ግምት ላይ ነው። በወረዳ ከተሞቻችን ባሉ ብዙ ቤቶች ግን ሶኬቱ ሁለት ቀዳዳ ብቻ ነው፤ ሦስት ቀዳዳ ያለውም ቢሆን ከኋላው የመሬት ሽቦ ላይኖረው ይችላል። እንዲህ ባለ ቤት የፓወር ሰፕላዩ ማጣሪያ ካፓሲተሮች ኬዙን ከመስመሩ 220 ቮልት ግማሽ ወደሚጠጋ ቮልቴጅ ያደርሱታል። ባዶ እግሩን የሚነካ ሰው ይነዝረኛል የሚለው ይህን ነው። ስለዚህ ሳይመረምሩ ምክሩን መከተል ከስታቲክ እሸሻለሁ ሲሉ ወደ ሌላ ችግር መግባት ይሆናል።

ፋራዴይ በሽቦው ቤት ውስጥ የቆመው ከመሬት ጋር ተገናኝቶ አልነበረም፤ ቤቱ ከመሬት ተለይቶ በሺዎች ቮልት ተሞልቶ ነበር። ያልተጎዳው እሱና ግድግዳው በአንድ የኤሌክትሪክ ደረጃ ላይ ስለነበሩ ነው። ብልጭታ የሚዘለው በሁለት ነገሮች መካከል ልዩነት ሲኖር ነው። ገጣጣሚውም ከመሬት ይልቅ የሚያስፈልገው ከዕቃው ጋር እኩል መሆን ነው። ገመዱ ከሶኬቱ ይነቀል፤ የማብሪያው ቁልፍ ለጥቂት ሰከንድ ተጭኖ የተጠራቀመው ይራገፍ፤ ከዚያ ቀለም ያልተቀባው የኬዙ ብረት በእጅ ይነካ፤ በሥራው ጊዜም አንድ ክንድ ብረቱ ላይ ያርፍ። የእጅ አምባር ከተገኘ ቅንጥቡ እዚያው ብረት ላይ ይያዝ። አምባሩ ውስጥ አንድ ሚሊዮን ኦም የሚሆን ተከላካይ አለ፤ ሙሉ ቀስ ብሎ እንዲፈስና ድንገት መስመር ቢነካ የሰውየው ሕይወት እንዳያልፍ ነው። በተራ ሽቦ የራሱን አምባር የሚሠራ ሰው ይህን ተከላካይ ከዘለለው ከስታቲክ የባሰ አደጋ በእጁ አስሯል።

አዲሱ ክፍል ከከረጢቱ ከመውጣቱ በፊት በተዘጋው ከረጢት እንዳለ በእጅ ይያዝና ከረጢቱ የኬዙን ብረት ይንካ፤ ከዚያ ይከፈት፤ ካርዱም በጠርዙ እንጂ በወርቃማ እግሮቹ አይያዝ። ሁለት ሰዎች አብረው ሲሠሩ አንዱ ለሌላው ራም የሚያቀብል ከሆነ በመጀመሪያ በባዶ እጃቸው ይነካኩ፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት በጣቶቻቸው ይለቅ እንጂ በራሙ እግሮች በኩል አይለፍ።